የአባዬ የዶሮ እግር

አዳማ፣ ማክሰኞ የካቲት 25

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? ስግደቱን ቀንሺ ብዬሽ ነበር፤ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። የአዴ ጫልቱ ላሞች ይታለቡልሻል? ጥቁሯ በእንግዳ እጅ አትታለብም ብላ ባለቤቷ አልጋዋ ላይ ሆና ስትጨነቅ፣ እማዬ ለጥቁሯ እንግዳ አይደለችም አልኳት። ልጇን ሀሴትን ከትምህርት ቤት እንዳታስቀሪያት። እናትሽ ትናንት ሾርባ ጠጥታለች፣ ተቀምጣም ነበር በያት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴም የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ ነው እንጂ ደህናስ አይደለሁም። ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልቀመስ አለኝ፣ ሰው ስሜን ሲጠራኝ እደነግጣለሁ። ትናንት ሜሪ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ብትነካኝ የያዝኩትን ትሪ ለቀቅኩት።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት እንዳትይኝ። አንቺ ስልክሽን ላውድ ላይ ካላደረግሽ አትሰሚም፣ ላውድ ላይ ስታደርጊው ደግሞ ግማሽ ዓለም ጤና አብሮሽ ይሰማል። ሜሪ አብራኝ የምትሠራው ነርስ ናት፤ የመቂ ልጅ ስለሆነች ነገ ወደ ቤተሰቦቿ ስታልፍ ወርዳ በእጅሽ ትሰጥሻለች። ፊደሉን እንዲህ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ያተለቅኩት ሆን ብዬ ነው። በመሠረተ ትምህርት የለየሽውን ፊደል ዓይንሽ ቢደክምም አልረሳሽውም። ፀሐይ ሳለ በረንዳው ላይ ተቀመጪና መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን አንብቢው። አንድ ቀን ቢፈጅብሽም ይፍጅ። ሁልጊዜ የምታነብልሽ ሀሴት እንደሆነች አውቃለሁ፤ ይቺን ግን ለሀሴት እንዳትሰጫት፣ እለምንሻለሁ።

እማዬ፣ ቅዳሜ ዕለት አዴ ጫልቱን ጭንሽ ላይ አስተኝተሽ በሰው ፒክ አፕ ስትደርሺ፣ ነጠላሽ ደም በደም ሆኖ ሳይሽ መጀመሪያ የተመታሽው አንቺ መስለሽኝ ነበር። ከዚያ ነው ግራ ትከሻዋን ያየሁት። በረኛው ሳይቀር እህቷ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀሽ፣ አንቺም አዎ አልሽ። እውነትሽን ነው፣ እኔም ከሁለታችሁ የማን ልጅ እንደሆንኩ የተምታታባቸው ሰዎች ነበሩ። አንቺን አንቺ እንደምልሽ እሷንም አንቺ እያልኩ ነው ያደግኩት፤ አባዬ ሲሞት አርባውን ሙሉ እኛ ቤት መሬት ላይ ያደረች እሷ ናት።

ዕለቱ ቅዳሜ ስለሆነ ሰው አልነበረም፣ ቀዶ ጥገናው ክፍል እኔው ገባሁ። በሩ ላይ ስደርስ እጄን ያዝሽኝና አንድ ነገር ጠየቅሽኝ። እንደ ሌላው ሰው ትድናለች ወይ አላልሽም። ከገላዋ የሚወጣውን ነገር ምን ታደርጉታላችሁ አልሽኝ። እኔም በጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ፣ ስም ተጽፎበት ለፖሊስ ይሰጣል ብዬሽ ገባሁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ድንጋጤ ነው፣ ሰው ሲደነግጥ የማይጠየቅ ይጠይቃል አልኩ።

ዶክተር አማኑ ሦስት ሰዓት ሠራ። የአጥንቱን ስብርባሪ እያወጣ ሲያስቀምጥ ይኼን የሠራ ሰው እጁ ይቆረጥ ብሎ ተራገመ፤ እርግማን የማይወድ ሰው ነው። ተራ ጥይት ቢሆን ኖሮ በስቶ ያልፍ ነበር፣ ይኼ ግን እንዲከፈት ተብሎ የተሠራ ነው አለ። እኔ መቀሱን አቀበልኩት። በመጨረሻ የጥይቱን እርሳስ አውጥቶ ሰሃኑ ላይ ጣለው፤ ጫፉ እንደ ተረገጠ ቲማቲም ተጨፍልቋል። እጠቢው አለኝ፣ ወደ ቧንቧው ወሰድኩት፣ ደሙ ሲወርድ ገለበጥኩት። ቂጡ አልተነካም ነበር። ሦስት ጭረት፣ የዶሮ እግር።

ክው አልኩ። እማዬ፣ ይኼን ቃል ሌላ ጊዜ ዝም ብዬ ስለው ኖሬያለሁ፣ ትርጉሙን ያወቅኩት ቅዳሜ ነው። ውሃው ይፈሳል፣ እኔ ቆሜያለሁ። ሉሊት ምን ሆንሽ ሲለኝ ጾም ነው አልኩት። ጾም ነው፣ ባዶ ሆዴን ስለሆንኩ ነው አልኩ፣ እሱም አመነኝ።

የጥምቀትን ማግስት መቼም አትረሺውም። ከርከሮ በቆሎሽን እየገለበጠ ጨረሰው ብለሽ ታኅሣሥን ሙሉ በስልክ ስታለቃቅሺብኝ ከረምሽ። የአባዬ ውጅግራ ፈቃዱ ታድሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ጥይት ግን አልነበረውም። አንቺ የፈለግሽው ድምፅ ብቻ ነበር። ላስደነግጣቸው እንጂ ልገድላቸው አልፈልግም፣ እነሱም እኮ ርቧቸው ነው አልሽኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ከርከሮ አንዴ ከደነገጠ በኋላ ድምፁን ይለምደዋል፣ አንዱ ካልወደቀ ሌላው አይሸሽም ብዬ ዐዋቂ ሆንኩብሽ። አባዬ እንደዚያ ይል ስለነበር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው የተተረተው።

እርሳሱን ያመጣሁት ከዚሁ ከአዳማ ነው፣ ቤቴ አጠገብ ካለው ጎሚስታ፣ ከመሳይ ዘንድ። ጎማ ባላንስ ሲደረግ የሚለጠፈውን አሮጌውን እርሳስ በፌስታል ሰበሰበልኝ፤ ምን ልታደርጊው ነው ሲለኝ አጎቴ ቆቃ ላይ ዓሣ ያጠምዳል፣ ለመረቡ ነው ብዬ ዋሸሁት። አጎት እንኳ የለኝም። ከዚያ አንቺ ዘንድ መጥቼ አባዬ ያቀልጥበት የነበረውን እጀታ የሌለውን ብረት ድስት ከጓሮ አወጣሁ፣ ከሰሉን አያያዝኩ፣ ጉጠት የመሰለውን፣ የቀለጠው እርሳስ ፈሶ ጥይት የሚሆንበትን መቅረጫ ከሣጥኑ ሥር ፈልጌ አገኘሁት። አንቺ ከወዲያ ሆነሽ ነርስ ነኝ ትያለሽ፣ ይኼ ጭስ ሳንባሽን ይብላው እያልሽ ትቆጪኛለሽ፤ እኔ እንደ ሕፃን እስቃለሁ። እርሳሱ እንደ ወተት ሲገነፍል አባዬ አጠገቤ የቆመ መሰለኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ መቅረጫውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ሰዎች ወንድ ልጅ የለህም ሲሉት፣ ይቺ ምን ጎደላት ይላቸው ነበር። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር እማዬ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

አሥራ ሁለት ጥይት ሠራሁልሽ። የእያንዳንዱን ጫፍ አባዬ እንደሚያደርገው ለስላሳ አደረግኩት፣ ሥጋ ሲነካ እንዲከፈት። አንቺ አይተሽ ይኼ ደግሞ ለምንድነው፣ አይበዛም ወይ አልሽ። እኔም የአባዬን ቃል ቃል በቃል ደገምኩልሽ። ጠንካራው ጥይት አውሬውን በስቶት ያልፋል፣ ቁስሉን ይዞ ጥሻ ይገባና ሦስት ቀን ሲጮኽ ሰንብቶ ይሞታል፤ ለስላሳው ግን እዚያው ያሳርፈዋል፣ ርኅራኄ ነው አልኩሽ። አንቺም ርኅራኄ ከሆነ ጥሩ አልሽ። ርኅራኄ ያልኩት ነገር አዴ ጫልቱ ትከሻ ውስጥ የሠራውን በዓይኔ አየሁት፣ አጥንቱን ለቅሜ ሰሃን ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ክንዷ ይተርፋል፤ ከደረቷ በላይ ግን አይነሳም። ከእንግዲህ ጥቁሯን የምታልባት በአንድ እጇ ነው።

የዶሮ እግሯንም ቢሆን ባልተዋት ኖሮ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ባሻሸው ኖሮ ይጠፋ ነበር፣ ግን የአባዬ ናት ብዬ ጭራሽ ኮራሁባት። መቼም ታሪኳን አንቺም ታውቂዋለሽ። እነ አባዬ ተሰባስበው ሲያድኑ አንድ ከርከሮ ላይ ሦስት ሰው ይተኩስና ማን ጣለው በሚለው ሊጣሉ ይደርሱ ነበር። በመጨረሻ እያንዳንዱ መቅረጫው ላይ የየራሱን ምልክት በሚስማር ጫረ። የጋሽ አምባዬ ክብ፣ የአባዬ የዶሮ እግር። አውሬው ወድቆ እርሳሱ ከሥጋው ሲወጣ የዶሮ እግር ናት ይባላል፣ አባዬ ቆቡን ወደ ኋላ ይገፋና ዝም ብሎ ይቆማል፣ ጋሽ አምባዬ እስከ ማታ ያኮርፋሉ። እኔ ነኝ የጣልኩት ለማለት የተሠራች ምልክት ናት። እኔ ነኝ የሚል ሰው የሚጠፋበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

አሁን ንስሐ የምገባበትን ልንገርሽ። ቧንቧው አጠገብ ቆሜ መቀሱን አነሳሁ። ሁለቴ ብፍቀው ይጠፋል፤ እርሳስ ነው፣ በጥፍርም ይጫራል። ዶክተር አማኑ ጀርባውን ሰጥቶኝ እየሰፋ ነበር። የመቀሱን ጫፍ ጭረቱ ላይ አሳረፍኩት። ከዚያ አዴ ጫልቱ በማደንዘዣው ውስጥ ሆና አቃሰተችና እጄ ቆመ። ጻድቅ ሆኜ አይደለም፣ ድምፅዋ አስደንግጦኝ ነው። አጠብኩት፣ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩት፣ ስሟን ጻፍኩበት፣ ሥር ፈረምኩ። አሁን የእኔ ፊርማ ያለበት ብልቃጥ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። ፖሊሶቹ ዓርብ ጠዋት መጥተው ይረከባሉ።

ስወጣ ወደ ዓለም ጤና ተመልሰሻል አሉኝ፣ ላሞቹ አሉ፣ ሀሴት ብቻዋን ናት ብለሽ። ማታ ደወልኩልሽ። ከአሥራ ሁለቱ ስንት ቀረሽ አልኩሽ። ኔትወርክ የለም፣ አይሰማኝም ብለሽ ዘጋሽው። ኔትወርኩ ነበረ እማዬ። ከጀርባሽ የዶሮዎቹ ድምፅ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ምን እንደሆነ አዴ ጫልቱ እሑድ ስትነቃ ነገረችኝ፣ እኔም ላንቺ ልንገርሽ። ዓመቱን ሙሉ ጎህ ሲቀድ በበቆሎው መሀል የሚንኮሻኮሸው ነገር እሷ እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ ወተትሽን ይዛ፣ አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ እያለች ከሩቅ እየተጣራች ትመጣለች። በዚያ ሰዓት በቆሎው ቢነቃነቅ ማንም ድንጋይ እንኳ አይወረውርም። ጾም ሲገባ ግን ወተት የለም፣ ስለዚህ እሷም የለችም። በጾም ንጋት ላይ በቆሎ መሀል የሚነቃነቅ ነገር ከርከሮ ነው። ይኼን የሚያውቅ ሰው በዓለም ጤና አንድ ብቻ ነው፣ ሌላው ሰውማ ወተቱንም ጾሙንም አያውቅ።

ቅዳሜ ግን የውሃ ተራው ያንቺ ነበር። ጉልበቷን አሟት ስትሰግድ አድራለች፣ ለቦዩ አትነሳም፣ እኔ ላዙርላት ብላ ነው የመጣችው። እንዳትነቂ ብላ አልተጣራችም። ለገና ለሁለታችሁ አንድ ዓይነት የገዛሁላችሁን ግራጫ ብርድ ልብስ ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ አፈሩን በእጇ እየቆረሰች ውሃውን ወደ ማሳሽ ስታዞር ነው የተመታችው። ውሃው ደርሷት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደርሷታል አልኳት። አላውቅም እንጂ።

አሁን ወደ ኢፋ ልምጣ። ኢፋ፣ የአዴ ጫልቱ የሟች እህቷ ልጅ፣ ከእሷ ጋር ሐሙስ ዕለት በውሃ ተራ ተጨቃጭቆ ነበር፤ ሰፈር ሁሉ ሰምቷል። ቤቱ ሲፈተሽ የአያቱ ውጅግራ ተገኘ፣ ታሰረ። ሚስቱ ስምንት ወሯ ነው፣ ከእሑድ ጀምሮ ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጣ ለገባ ለወጣው ሁሉ ባሌ አይደለም ትላለች። ዛሬ ጠዋት አንዱን ፖሊስ ምን ይዛችሁ ነው ልጁን ያሰራችሁት ስለው፣ ይዛት የመጣችው ጎረቤቷ ራሷ ልጁ ቁጡ ነው ብላናለች አለኝ።

እማዬ፣ ይኼን ብለሻል?

ከእርሳሱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። እርሳሱ ስህተት ነው፣ ስህተት በሰው ላይ ይደርሳል፤ ያውም ከግማሽ በላይ የእኔ ስህተት ነው። ይኼኛው ግን የአብዬን ወደ እምዬ ነው። አንቺ እኮ ከጎረቤት ዶሮ ገብታ እንቁላል ብትጥልብሽ እንቁላሉን በነጠላሽ ይዘሽ ባለቤቷን የምትፈልጊ ሴት ነሽ። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ከአፍሽ ያመለጠ ነው ብዬ ላምን እፈልጋለሁ። አምርሬ ጻፍኩብሽ፣ ይቅር በይኝ፤ ግን አልሰርዘውም።

ዝም ብንልስ ብዬም አስቤያለሁ፣ አልዋሽሽም። የትም አያደርሰንም። ፖሊሱን እርሳሱን ከወሰዳችሁት በኋላ ማን ያየዋል ስለው፣ አካባቢው ላይ የጥንት አዳኝ የነበሩ አቶ አምባዬ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፣ መጀመሪያ ለእሳቸው እናሳያለን አለኝ። ለጋሽ አምባዬ የዶሮ እግሯ ሃያ ዓመት ያኮረፉባት ምልክት ናት፣ በጨለማ ዳብሰው ያውቋታል። ዓርብ ከምሳ በፊት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ያን ጊዜ ኢፋ ይወጣል፣ ግን ልጃችንን በሐሰት አሳሰረችው ብለው የሚመጡት የአዴ ጫልቱ ወንድሞች ናቸው፣ የሚመጡትም ቤትሽ ድረስ ነው። አርባ ዓመት በአንድ ቦይ የጠጣ ሁለት ቤት በአንድ ዓርብ ይለያያል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትይኝ ነበር፣ ያኔ ስኳር ሰርቄ ስክድ። ንጋቱ ዓርብ ነው እማዬ። ከዓርብ በፊት ያለሽ ሐሙስ ብቻ ነው።

ትናንት አዴ ጫልቱን ሳጥባት ፀጉሯን እንድሠራላት ጠየቀችኝ፣ በአንድ እጇ ስለማይሆንላት። እየሠራሁላት ፖሊሶቹ ምን ጠየቁሽ አልኳት። ማንን አየሽ አሉኝ፣ ጎንበስ ብዬ ነበር፣ ማንንም አላየሁም አልኳቸው አለችኝ። የእህቴ ልጅ አይደለም ግን፣ እሱን ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው፣ ካላየሽ በምን አወቅሽ ይሉኛል አለች። እኔም እጎነጉናለሁ። ቀጥላ፣ ሃዻ ሉሊትን አግኝተሻት እንደሆነ አንድ ነገር ንገሪልኝ አለችኝ። አንቺን መቼም በልጅሽ ስም ካልሆነ ጠርታሽ አታውቅም።

የነገረችኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ። ወድቄ ስጮኽ መጀመሪያ የደረሰችልኝ እሷ ናት፤ እኔን ለማንሳት ብላ ከእጇ መሬት ላይ ያስቀመጠችውን ነገር ግን አላየሁትም በያት አለች። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር በያት።

ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። እሷ አንስቺው አላለችኝም፣ እኔም አላነሳሁት። ቆይታ ደግሞ እንዲህ አለችኝ። እኛ ዘንድ የሳተ ሰው ስሙ ከመጠራቱ በፊት እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ በራሱ እግር ከመጣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ይታረቃል፣ ወንድም የሆነ ሁሉ እጁን ይሰበስባል። ስሙ በሌላ አፍ ከተጠራ በኋላ ግን ሳሩም አይቀበሉትም። እኔ ስም አልጠራም፣ የእህቴ ልጅ እስር ቤት እያደረም አልጠራም፤ ግን እስከ መቼ እንደምችል አላውቅም አለችና አለቀሰች። የተኮሱባት ቀን አላለቀሰችም ነበር።

እኔ ማን እንደተኮሰ በዚህ ወረቀት ላይ አልጻፍኩም፣ አልጽፍምም። ያንቺን ነገር መናገር ያንቺ ነው። የእኔን ግን ጽፌያለሁ።

ሐሙስ በመጀመሪያው መኪና ተነሺ፣ ሞጆ ላይ መኪና ስትቀይሪ ደውዪልኝ፣ መነኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ሀሴትንም ይዘሻት ነይ፣ እናቷ ናፍቃታለች። የንስሐ አባትሽን ልጠይቅ ካልሽም ረቡዕ ማታ ጠይቂ፤ ጠይቀሽ ግን ነይ። በዚህ በጋ እርጥብ ሳር ከየት ላምጣ እንዳትይኝ። ቦዩ ዳር አለልሽ፣ እሷ ጎንበስ ያለችበት ቦታ ላይ። ከዚያ ቁረጪ።

ስትመጪ ከሣጥኑ ሥር መቅረጫውን ይዘሽልኝ ነይ። ማን ሠራው ብለው ሲጠይቁ አንቺ ዝም በይ፣ እሱ የኔ መልስ ነው። ለጋሽ አምባዬም ከዓርብ አንድ ቀን ቀድሜ በገዛ እጄ አሳያቸዋለሁ። አባዬ የዶሮ እግር ናት ሲባል ቆቡን ገፍቶ ዝም ብሎ ነበር የሚቆመው፤ እኔ ግን ዝም ብዬ አልቆምም፣ የእኔ ናት እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ዓይንሽን ለሐኪም እናሳያለን። ሁለት ዓመት ቀጥረሽብኛል፣ አሁን አንድ ቀን አልጨምርልሽም።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ። እግርሽን ያጽናልሽ፣ አንደበትሽን ይፍታልሽ። የአዴ ጫልቱን ክንድ ይማርልን፣ የዚያችን ነፍሰ ጡር ማሕፀን በሰላም ይፍታላት። ምርቃትሽም ቁጣሽም አይለየኝ። የተቆጣሁብሽን ያህል እወድሻለሁ፣ የሁለቱም ልክ ይኼ ነው ብዬ መናገር አልችልም።

መቅረጫውን የያዘችው ልጅሽ